የጢስ ዋሻ እምነት

አዲስ አበባ
የካቲት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

መምሬ ደግሰው፣

ጾሙን በጤና ያስፈጽምዎ። ደብዳቤዎ ከሙጃ ጋሸና፣ ከጋሸና እዚህ አሥራ አንድ ቀን ፈጅቶ ደረሰኝ። ሾፌሩ መሐመድኑር ከአይሱዙው ጋቢና ወርዶ ሲሰጠኝ «ስልክ ከጠፋ ወዲህ ኔትወርኩ እኔ ነኝ» አለኝ። ጀርባው ላይ የእማዬን አውራ ጣት አገኘሁት። ጥላሸቱ ትንሽ ፈዟል እንጂ የጣቷ መስመር ሁሉ ይታያል። እርስዎ ጽፈው እሷ ካላተመችበት ደብዳቤው ያለቀ አይመስለኝም።

«ከዩኒቨርሲቲው ምን አድርገሽ ነው ያባረሩሽ?» ብለው ጠይቀውኛል። አላባረሩኝም፤ አግደውኛል። የእማዬ የንስሐ አባት ነዎትና ሁሉን ትነግርዎታለች፤ ይኸንን ግን እርስዎ አይንገሯት።

ከሁለት ዓመት በፊት ከቤተ ክርስቲያናችሁ በላይ ያለውን ዋሻ ስቆፍር ወንፊቱን ይዘው አፈሩን ያነፉልኝ እርስዎ ነዎት። ያገኘነውን ያውቃሉ። እህል ሳይዘራ፣ ከብት ሳይረባ በፊት እዚያ የኖሩ አዳኞች የተዉት ነው፤ ከጥፍር የማይበልጡ የባልጩት ስለቶች፣ የተሰባበረ የሽኮኮ አጥንት፣ ከክንድ የሚረዝም የአመድ ንብብር። ባልጩቱ ከእኛ ተራራ እንደማይወጣ ያን ጊዜ ነግሬዎታለሁ። ከቆላ፣ ከአፋር በኩል ሰው ተሸክሞት ነው የመጣው። የዚያ ዘመን መሐመድኑር ነበረ ማለት ነው።

አንድ ቀን እማዬ ምሳ ይዛ መጥታ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቁጢጥ አለች። አመዱን አየችና «ይኸ የጠፋ እሳት አይደለም፤ የተዳፈነ ነው» አለች። ሳቅኩባት። በኋላ በማጉያ መነጽር ሳየው እውነቷን ነው። ፍሙ ሳይበተን ከሰል ሆኗል፣ ላዩ ላይ የላመ አመድ በእጅ ተከምሮበታል፣ ተቆስቁሷል፣ እንደገና ተዳፍኗል። አዳኝ ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ የሚንከራተት ነው ብለው የጻፉት ሁሉ እዚህ ላይ ይወድቃል። እነዚህ ሰዎች ጠዋት ሊመለሱበት እሳት ያዳፍኑ ነበር። መመረቂያ ጽሑፌ ይኸው ነው፤ ሌላ ነገር የለውም።

ረቂቁን ለአማካሪዬ ለዶክተር ደርበው ሰጠሁት። የመስክ ማስታወሻዬንና ፎቶግራፎቹንም «ደንቡ ነው» ብሎ ተረከበኝ። ባለፈው ዓመት ውጭ አገር በሚታተም መጽሔት የራሱ ግኝት አድርጎ አወጣው። «ማዳፈን» የምትለዋን ቃል እንኳ አልቀየራትም። እኔ መመረቂያዬን ሳስገባ ደግሞ «ከእኔ ገልብጣለች» ብሎ ከሰሰኝ። ማስታወሻዬ ጠፍቷል ይላል፤ ፎቶግራፎቹም እንዲሁ።

ክሱን የሚያየው ኮሚቴ ማስረጃ እንዳቀርብ እስከ ግንቦት 12 ቀን ጊዜ ሰጥቶኛል። ደርበው ዋሻውን መጀመሪያ የረገጠው በሚያዝያ 2015 ነው። ከዚያ በፊት እንደቆፈርኩት የሚናገር አንድ ነገር ብቻ ቀርቶኛል። ጉድጓዱን ስንጨርስ በምሥራቅ በኩል ሳንነካው የተውነው የአመድ ግድግዳ አለ፤ ያስታውሱታል። በሙያችን «ምስክር» እንለዋለን፤ ኋላ የሚመጣ ሰው ቃላችንን እንዲፈትንበት የሚቀር ነው። እዚያ ውስጥ በላስቲክ የታሸገ መለያ ወረቀት ሰክቻለሁ። ጥር 14 ቀን 2015 ይላል፣ ስሜ አለበት፣ በእጄ የተጻፈ ነው። ከአመዱ ጋር ተጣብቆ ደርቋልና ትናንት የተሰካ ነው ሊሉ አይችሉም።

ምስክሩን ከነወረቀቱ ቆርጠው ይላኩልኝ። እኔ እንዳልመጣ መንገዱ ሳምንት ተከፍቶ ወር ይዘጋል፤ እዚያ ተዘግቶብኝ ቀኑ ቢያልፍ ያበቃልኛል።

ፋና


ጢስ ዋሻ ሥር
መጋቢት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለፋና፣ የሚጠብቅሽ አይተኛምና በሰላም እንዳለሽ አምናለሁ። እኛ ዝናብ ከማጣት በቀር ደህና ነን።

ያን ዶክተር አልረሳሁትም። ጫማውን ሳያወልቅ ቤተ ክርስቲያን ሊገባ ሲል የገሠጽኩት እሱ ነው። ሰባት ሰው አስከትሎ መጥቶ አንዲት አካፋ አፈር ሳያነሳ ፎቶ ሲነሣ ውሎ ሄደ። እንግዲህ የዋሻው ባለቤት እሱ ከሆነ እኔም የላሊበላ ንጉሥ ነኝ።

ምስክሩ እንዳለ ነው። ትናንት ጧፍ ይዤ ገብቼ አየሁት። ግን እንዴት እንደምቆርጠው ጻፊልኝ። አመድ ነውና ተንዶ እጄ ላይ ቢፈስ ምን እልሻለሁ?

እናትሽን ትንሽ አመም አድርጓቸዋል፤ ሳል ነው። ጤና ጣቢያ ይዣቸው ወርጄ ነበር፤ ሐኪም አለ፣ መድኃኒት የለም። መንገድ ሲከፈት ይመጣል ብለውናል። አትጨነቂ። ስለ መታገድሽ አልነገርኳቸውም። ሆኖም ደብዳቤሽን ሳነብላቸው አንድ ቦታ ዘልዬ ነበርና ፊቴን አይተው «መምሬ፣ ምኑን ዋጡት?» አሉኝ። ቄስ መዋሸት አይችልበትም። ሁሉን ነገርኳቸው፤ ይቅር በይኝ። «የኔ ልጅ ሌባ? እንኳን የሰው ጽሑፍ፣ የጎረቤት እሸት አትነካም» አሉ።

ደግሞ ምን ጠየቁኝ መሰለሽ? እነዚያ የዋሻው ሰዎች ጾም ነበራቸው ወይ አሉኝ። ኦሪት ርኩስ ያለችውን ሽኮኮ የሚበላ ምን ጾም አለው ብላቸው፣ «ያጡ ዕለት ጾመዋላ» ብለው ዘጉኝ።

አውራ ጣታቸውን ጀርባው ላይ አትመዋል። እጃቸው ይንቀጠቀጥ ስለነበር ቢጨፈለቅ አይግረምሽ።

መምሬ ደግሰው


አዲስ አበባ
መጋቢት 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

መምሬ፣

መሐመድኑር ሲመለስ ሁለት ነገር ይዞልዎታል። አንደኛው የእማዬ መድኃኒት ነው፤ ጠዋትና ማታ አንድ አንድ ፍሬ፣ ለሰባት ቀን። ቢሻላትም እንዳታቋርጠው። ሲሻላት ለጎረቤት የምታካፍል ሴት መሆኗን ያውቃሉ።

ሁለተኛው ጄሶ ነው። በውሃ በጥብጠው ጨርቅ እየነከሩ ግድግዳውን በፊቱና በጎኑ ይጠቅልሉት፤ የተሰበረ እግር እንደሚታሸግ ማለት ነው። እስኪደርቅ ይተዉት። ከዚያ ከኋላ በኩል በቢላዋ ቀስ ብለው ይቁረጡት። ወረቀቱ ከላይ አንድ ስንዝር ገባ ብሎ ነው፤ አያውጡት። አራስ ልጅ እንደሚታቀፍ ታቅፈው ያውርዱት።

በመሐመድኑር አፍ የላኩብኝ ጥያቄም ደርሶኛል። የአገሩ ሰው ማጉረምረሙ፣ «ሙት ትቀሰቅሳለች» መባሉ አዲስ አይደለም። የሰው አጥንት አላገኘሁም። ባገኝ ግን ምን ታደርጊ ነበር ብለዋል። አውጥቼ እለካው ነበር። ከሞተ የሰነበተ ሰው ቅር አይለውም፤ አጥንት መረጃ ነው። መልሱ እንደማይጥምዎ አውቃለሁ። እንዲጥምዎ ብዬ ግን አልዋሽዎትም፤ የሚዋሸኝ ሰው እዚህ በቅቶኛል።

እማዬ እኔን ሌባ አይደለችም ማለቷን አሥር ጊዜ አነበብኩት። ኮሚቴው ፊት ስቆም ይኸንን ይዤ እቆማለሁ።

ፋና


ጢስ ዋሻ ሥር
መጋቢት 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለፋና፣ እንደምን አለሽልኝ?

ዕቃው ሁሉ ደርሶናል። መድኃኒቱ ለሚያስፈልገው ሰው ተሰጥቷል፤ አንድም ፍሬ አልባከነም። ጄሶውን እርጥበት እንዳያገኘው ከፍ አድርጌ አስቀምጬዋለሁ።

ስለ እናትሽ ላልሽው፣ ሳሉ ትቷቸዋል። አሁን ምንም የሚያማቸው ነገር የለም።

የምስክሩን ነገር ከፋሲካ በኋላ እንነጋገርበታለን። እስከዚያ አትቸኩዪ። መንገዱ አስጊ ነውና እንዳትመጪ፤ ይኸን እንደ አባት እለምንሻለሁ። አክስትሽን ባንቺዓለምን ግን ጠይቂያት፣ አትራቂያት። በዚህ ወቅት ብቻ መሆን ጥሩ አይደለም።

መምሬ ደግሰው


አዲስ አበባ
ሚያዝያ 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለቄስ ደግሰው፣

ዛሬ ስቅለት ነው። እየሰገዱ ይሆናል፤ ከስግደቱ ሲነሡ ይኸን ያንብቡት።

መሐመድኑርን አስጨንቄ አናገርኩት። ዓይኔን ማየት አልቻለም። ስለ ምስክሩ ስጠይቀው «አብሽሪ ፋና፣ አላህ ያውቃል» እያለ አለፈው። በመጨረሻ አንድ ነገር አመለጠው። ጋሸና ምግብ ቤት ውስጥ ከሙጃ የመጡ ሴቶች በመሀረብ ጫፍ አመድ ቋጥረው አይቷል። ምንድነው ሲላቸው «የጢስ ዋሻ እምነት ነው፤ ለሕመም ያድናል» ብለውታል።

ዘጠኝ ዓመት የተማርኩበትን ነገር በመሀረብ እየቋጠሩ ይሰጣሉ ማለት ነው። እምነት የሚሉት የቅዱሳን መቃብር አፈር፣ የተጸለየበት ማጠንት አመድ ነው። ያ ግን ሽኮኮ የሚጠብሱ፣ ያልተጠመቁ ሰዎች ምድጃ እንደሆነ ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም። ወንፊቱን ይዘው ነበር። «ርኩስ» ብለው የቀለዱበትን አጥንት በእጅዎ ለቅመዋል። ዛሬ የአመድ ነጋዴ ሆኑ?

ወይስ ደርበው ደረሰብዎ? ምስክሩን እንዲያጠፉለት ምን ሰጠዎት? ለቤተ ክርስቲያኑ ቆርቆሮ? ይንገሩኝ፤ ዋጋዬን ልወቅ።

ሌላም አለ። ያለፈው ደብዳቤዎ ጀርባ ባዶ ነው። አገላበጥኩት፣ ወደ ብርሃን ያዝኩት፤ የእማዬ ጣት የለበትም። ሳሉ ትቷታል ካሉ፣ የሚያማት ነገር ከሌለ፣ አንዲት ጣት ማንሣት አቅቷት ነው? ምን ነግረዋት ነው የተቀየመችኝ? እሷም ሌባ ናት ብላ አመነች?

ቄስ መዋሸት አይችልበትም ብለውኝ ነበር። ይችልበታል።

ኮሚቴው ፊት ልቀርብ ሠላሳ ሁለት ቀን ቀርቶኛል። 

ፋና ውዱ


ጢስ ዋሻ ሥር
ሚያዝያ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ፣

ይህን ብቻሽን ሆነሽ አታነቢውም። አክስትሽ ባንቺዓለም የዕድሩን ሰዎች ይዛ በማለዳ ደጅሽ ላይ ከቆመች በኋላ እንድትሰጥሽ ነው የላክሁት። እንግዲህ ነገሩን ሰምተሻል፤ አልቅሰሻል። እግዚአብሔር ያጥናሽ።

እናትሽ ወይዘሮ አልጣሽ መጋቢት 10 ቀን ሌሊት ዐረፉ፤ ጠዋት ተጠርቼ ደረስኩ። ባለፈው እሑድ አርባቸውን አውጥተናል። መድኃኒትሽ የደረሰው ከተቀበሩ በኋላ ነው፤ ያንኑ ሳል ትስል ለነበረች ጎረቤት ሰጠናት፤ እሷ ተርፋለች።

መርዶ በወረቀት አይነገርም። ሰው በሌለበት፣ ደጋፊ በሌለበት፣ ከመኪና ላይ በወረደ ብጣሽ ወረቀት ልጅን እናትሽ ሞተች ማለት በአገራችን ነውር ነው። ስለዚህ ዝም አልኩ። ዝም ስል ደግሞ የጻፍኩት ቃል ሁሉ እውነት እንዲሆን ተጨነቅሁ። ሳሉ ትቷቸዋል አልኩ፤ ትቷቸዋል። የሚያማቸው የለም አልኩ፤ የለም። ግን ልብሽን አታልያለሁ፤ ይህም ውሸት ነው።

አሁን የምስክሩን ልንገርሽ። ሁለቱ አንድ ነገር ስለሆነ አንዱን ከሌላው ለይቼ መጻፍ አቅቶኝ ነበር።

መጋቢት 7 ቀን ሕመሙ ጠናባቸው። ጠበል አመጣሁላቸው፤ ተቀበሉ። ከዚያ «ከልጄ ዋሻ እምነት አምጡልኝ» አሉኝ። እኔም እንዳንቺው ተከራከርኩ። እናቴ፣ ያ እኮ የአረመኔ ምድጃ ነው፣ ማንም አልጸለየበትም አልኳቸው። ምን አሉኝ መሰለሽ? «እሳት አዳፍኖ የሚተኛ ሰው ነገን አምኗል። ከዚህ ሌላ ምን እምነት አለ?»

የሃያ ስምንት ዓመት ካህን ነኝ፤ ቢላዋዬን አነሣሁ። ወጣሁና ምስክሩን ቧጠጥኩት። ሌላው አመድ ተቆፍሮ ወጥቶ አልቋል፤ የቀረው እሱ ብቻ ነበር። ግንባራቸውንና ደረታቸውን ቀባኋቸው። ስቧጥጥ ወረቀትሽ ወጣ። አብሬ ይዤው ወረድኩና አነበብኩላቸው። «ጢስ ዋሻ፣ ጥር 14 ቀን 2015፣ አራተኛ ንብብር፣ ፋና ውዱ» ይላል። ከታች በትንንሹ «እማዬ አልጣሽ አይታ፦ የጠፋ አይደለም፣ የተዳፈነ ነው አለች» ብለሻል። ከጎኑ የጣታቸው አሻራ አለ። ሦስት ጊዜ አስነበቡኝ። ከዚያ ላስቲኩን በክር አስሬ አንገታቸው ላይ እንዳደርገው ጠየቁኝ። ክታብ አይደለም ብላቸው «አውቃለሁ፤ የልጄ እጅ ጽሑፍ ነው» አሉ።

ሁለት ቀን ቀለላቸው፤ ተቀምጠው እንጀራ ቀመሱ። ያን ያየ ሁሉ ወደ ዋሻው ወጣ። መድኃኒት በሌለበት አገር ሰውን ምን ብዬ ልከልክል? ስመለስ ግድግዳው ወለል ሆኖ አገኘሁት። አንድ ሳንቲም የነካ እጅ የለም፤ ደርበው የምትዪውም አልደረሰም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።

ወረቀቱ አብሯቸው ተቀብሯል። ስንገንዛቸው ከአንገታቸው ላወልቀው እጄን ዘርግቼ ነበር፤ ስለ ግንቦት 12 አልዘነጋሁም። እጄ አልታዘዘኝም።

ካህናቱን አነጋግሬያለሁ። ሳጥኑ ጠንካራ ነው፣ ዝናብም አልገባም። «ይከፈት» ካልሽ በእጄ እከፍተዋለሁ፤ ኃጢአቱም በእኔ ላይ ይሁን። መሐመድኑር ቃልሽን ይዞ ቀንና ሌሊት ነድቶ ሊመለስልኝ ቃል ገብቷል። አዎ ካልሽ ወረቀቱ ከቀኑ በፊት ይደርስልሻል። የተማርሽበት ነው፤ ሕይወትሽ ነው። ውሳኔው ያንቺ ነው።

የበደለሽ አባትሽ
መምሬ ደግሰው


አዲስ አበባ
ግንቦት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

መምሬ፣

መሐመድኑርን «ምንም አልልም በልልኝ» ብዬ ስሰደው መልሱ «አይከፈት» እንደሆነ እንደገባዎት አውቃለሁ። ስለዚህ ቀኑ ካለፈ በኋላ ነው የምጽፈው።

የዚያን ዕለት ማለዳ በሩ ሲንኳኳ ምስክሩ የመጣ መስሎኝ ሮጬ ከፈትኩ። አክስቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ቆማለች። ከኋላዋ መሐመድኑር ኮፍያውን በሁለት እጁ ጨብጦ «ወላሂ ፋና፣ መርዶዋን ይኸን ሁሉ ጊዜ ይዣት ስመላለስ ነበር» አለኝ። ከዚያ በኋላ ያለውን አላስታውስም።

ኮሚቴው ፊት ቀረብኩ። ጥቁር ለብሼ ነበር፤ ማንም ለምን አላለኝም። ሊቀመንበሩ «ምስክር አለሽ?» አለ። «አለኝ፤ አፈር ለብሳለች» አልኩት። ከዚያ ሁሉን አስረዳሁ፤ አመዱን፣ ወረቀቱን፣ መቃብሩን። ዶክተር ደርበው በዚያ በማስተማሪያ ድምፁ፣ «እንደ ባለሙያ ከተነጋገርን መቃብር መክፈት ለእኛ እንግዳ አይደለም» አለ።

«ከእናትዎ ይጀምሩ» አልኩት።

መዝገቡ ላይ ሥነ ሥርዓት የጎደለው ንግግር ተብሎ ተጽፏል። መመረቂያዬን ሰርዘውታል፤ ከትምህርቱም ተሰናብቻለሁ። ይግባኝ አለ ተብያለሁ፤ እጠይቃለሁ። አሥር ዓመት ይፍጅ፣ ያ ሰው ስሜን በሰማ ቁጥር ወንበሩ እንዲቆረቁረው አደርጋለሁ። በሰው መቃብር ግን አላደርገውም። አጥንት መረጃ ነው ያልኩዎትን አንሥቼዋለሁ። ወይም አላነሣሁትም፤ የእሷ ብቻ አይደለም። አላውቅም።

ለአንድ ሰው መናገር ያለብኝ ነገር አለ፤ ለእርስዎ ይሁን። ሰውየው የሰረቀኝን መመረቂያ ከፍቼ አነበብኩት። ምዕራፍ ሦስት ላይ ስለ እሳቱ «በአጥኚዋ እንደታየው» ይላል። በአጥኚዋ አልታየም። እማዬ ቁጢጥ ብላ አየችው፤ እኔ ሳቅኩባት፤ ከዚያ ጻፍኩት። ደርበው ከእኔ የወሰደው እኔ ከእሷ የወሰድኩትን ነው። ስሟን ያሰፈርኩት በዚያች ብጣሽ ላይ ብቻ ነበር፣ ያውም በትንንሹ። አሁን ወረቀቱ ባለቤቱ ዘንድ ነው። እንዴት ብዬ ከአንገቷ ላስፈታው?

እንደገና እየጻፍኩት ነው፤ በእጄ። ዲግሪ አያሰጥም። የመጀመሪያው ገጽ በስሟ ይጀምራል።

የአመድ ነጋዴ ያልኩዎትን ይቅር ይበሉኝ። ምስክሩን ስለቧጠጡት ግን እኔ ገና ይቅር አላልኩዎትም። እየሞከርኩ ነው፤ ጊዜ ይስጡኝ። ለእሷ ብለው ያደረጉት ባይሆን ኖሮ ሞክሪ እንኳ አይበሉኝ እልዎት ነበር።

ወደ ዋሻው ለሚመጡት አልቋል ይበሏቸው፤ ድንጋዩን ፍቀው እንዳይወስዱ። የማን አመድ ነበር የሚል ካለ ደግሞ አይደብቁት። ሽኮኮ የበሉ፣ ያጡ ዕለት የጾሙ፣ ለአንዲት የባልጩት ስለት እስከ ቆላ የሚሄዱ ሰዎች ነበሩ ይበሉት። አንድ ጠዋት እሳታቸውን አዳፍነው ወጡ፤ አልተመለሱም።

መንገዱ ሲከፈት እመጣለሁ። እስከዚያ አንድ ያልጻፉልኝን ነገር ይጻፉልኝ። መጋቢት 10 ቀን ጠዋት ተጠርተው ቤታችን ሲገቡ ምድጃዋን አይተውታል? እዚያው መደቡ ሥር ነው። ጠፍቶ ነበር፣ ወይስ አዳፍናው ነበር?

ፋና አልጣሽ